ዋሱ ቤት ይደር

ረታ እንደገና ተፈታ። ትርሓስ ወሬውን ከሰው አልሰማችም፤ በወፍጮ ቤቷ በር ሲያልፍ በገዛ ዓይኗ አየችው። ፊት ፊት እሱ ሸንኮራ እያኘከ፣ ምጣጩን ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ እየተፋ ይንጎራደዳል። ከኋላው ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ክርስትና ቤት ደርሰው እንደሚመለሱ ሰዎች ፊታቸው ፈክቶ ይከተሉታል። መሀል ላይ ያሉት የእድሩ ዳኛ አቶ እሸቴ ናቸው። ትርሓስን ሲያዩ ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉና፣ «እግዜር ይመስገን፣ ነገሩን በሰላም ጨረስነው» አሉ።

ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር ትርሓስ ያልሰማች መሰለች እንጂ ሰምታለች። ያን ቀን ምሳዋን ሳትቀምስ ዋለች።

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ በሰባ አምስት ዓ.ም. ክረምት ግድም ነው። ጉርድ ሾላ ያኔ የከተማው ጭራ ነበረች፤ አስፋልቱን ከለቀቁ ጭቃና ባሕር ዛፍ ነው። ትርሓስ ወደዚህ የመጣችው ከእንደርታ፣ መካኒክ አግብታ ነው። ባሏ ታሞ ሲሞትባት ልጅ አልነበራትምና ወፍጮ ቤት ገብታ እህል መቀበል ጀመረች። አብዮቱ ሲመጣ ባለወፍጮው ተወርሶ ሄደ፣ ወፍጮው የቀበሌ ሆነ፣ ትርሓስ ግን ከድንጋዩ ጋር እዚያው ቀረች። ድንጋዩ ሲዶለዱም በመዶሻ የምትወቅረው እሷ ናት። ጆሮዋ ከጩኸቱ የተነሳ ግማሹ ደንዝዟል፤ ስለዚህ «ደህና ዋልክ» ስትል እንኳ የምትጣላ ትመስላለች። ሰፈሩ «ትርሓስ ስድ ናት» ይላል። ስድ አይደለችም፤ ወፍጮ ሲጮህባት የኖረች ሴት መንሾካሾክ አትችልም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ነገራቸው ሁሉ በሹክሹክታ ነው።

ረታ የጭነት መኪና ላይ ኩንታል የሚያወጣና የሚያወርድ ወዛደር ነው። «ሰክሮ ነው» እንዳይባልለት አይጠጣም። «ተናዶ ነው» እንዳይባልለት ሲመታ ይስቃል። የአንድ ትኬት ቆራጭ የጎን አጥንት ሰብሯል። ጎረቤቱን በአጥር ነገር ተጣልቶ በጩቤ ወግቶታል። ሚስቱን ሙሉንማ ስንት ጊዜ እንደመታት እሱም እሷም አያስታውሱትም። በእያንዳንዱ ጊዜ የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ይይዙታል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሽማግሌዎች የሰው ዋስ አቁመው ያስወጡታል። ፍርድ ሸንጎው እንደሆነ ዛሬ ዘመቻ ነው፣ ነገ ስብሰባ ነው እያለ ቀጠሮ ያራዝማል። ቀጠሮው ሲደርስ ምስክሩ ምንም ያላየ ሆኖ ይቀርባል። ምን ያድርግ? ተከሳሹ በየማለዳው በበሩ እያለፈ «እንደምን አደርክ?» ሲለው ሰንብቷል።

ሙሉ ከሰላሌ ለሰው ቤት ሥራ የመጣች ልጅ ነበረች፤ በዚህ ከተማ ዘመድ የሚባል የላትም። ረታ ሊያገባት ሲል «አባቷ ማን ነው?» ተባለ። ያኔ አቶ እሸቴ ብድግ ብለው «እኔ አለሁ! ልጄ ናት» አሉና በአባት ወንበር ተቀምጠው ዳሯት። ጉልበታቸውን ስማ ተመረቀች። ትርሓስም እልልታዋን አቀለጠችው። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው ትላለች አሁን።

እንግዲህ የኛ ሽማግሌ ልማድ አለው። ሊለምን ሲመጣ አይቀመጥም። ደጅ ላይ ቆሞ «እሺ በሉን» ይላል። ምኑን ነው እሺ የምንለው? አይናገርም። መጀመሪያ እሺ ይባላል፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሽበት ያለው ሰው በሩ ላይ ቆሞ እያየ ማን አንጀቱ ይችላል? እሺ ይላል። እሺ ካለ በኋላ ደግሞ ቃሉን ማጠፍ ነውር ነው። ልማዱ ለጋብቻና ለእርቅ፣ ለደግ ነገር የተሠራ ነበር። ረታን ከእስር ለማስወጣት ዋለ።

ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ትርሓስ በር ላይ ቆሙ። የታወቀ ሥራ ያላት ሴት ናትና ዋስነቷ ይጸናል። አቶ ስብሓት የሚባሉት ሽማግሌ ያገሯ ሰው ናቸው፤ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ በሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አሉ። እሺ አለች። ፈረመች። ረታ ወጣ፣ ሳምንት ሳይሞላውም የሙሉን ክንድ ሰበረው። ወጌሻ ቢጠግነውም ጠሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ እህል ስታመጣ ቁናውን ማንሳት አትችልም፤ የምታነሳላት ትርሓስ ናት። ያችን ጠማማ ክንድ ባየች ቁጥር ፊርማዋ ትዝ ይላታል።

የሚያስጠላው ደግሞ «ዋሱ አንቺ ነሽ፣ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። ረታ አልጠፋማ! ዋስ የሚጠየቀው ሰውዬው ሲጠፋ ነው። እዚያው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሚስቱን ቢሰብራት ዋሱ ነፃ ነው።

ይሄም ባልከፋ። ከጥቂት ዓመት በፊት የወንድሟ ልጅ ሀብቶም፣ ኪሱ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ሲወሰድ፣ ይችው ትርሓስ «ዋስ ልሁነው» ብላ ደጅ ጠንታ ነበር። በሩን የሚጠብቀው ሰው ሳቀባት። «ለዚህኛው ዋስ የለም፣ እናት» አላት። ልጁ አልተመለሰም። ያኔ እነ አቶ እሸቴ ነጠላ አጣፍተው የቆሙበት በር አልነበረም። ወረቀት ለያዘ ዋስ የለም፤ ጩቤ ለያዘ ግን ዋስ ይሰለፋል። ይህን ስታስብ ትርሓስ አፏ ሬት ሬት ይላታል።

ረታ ሸንኮራውን እያኘከ ባለፈ ማግስት ትርሓስ በሥራ መሀል ወፍጮውን ቀጥ አደረገችው። ወረፋ የያዙት ሴቶች «መብራት ሄደ እንዴ?» ተባባሉ። «አልሄደም። አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች። ነገረቻቸው። በሚቀጥለው ቀን ለመጡትም እንዲሁ ነገረች። ሰባት የመኪና ረዳት፣ አውታንቲ፣ ጮሆ ከሚያዳርሰው ይልቅ አንድ የወፍጮ ወረፋ ወሬ ያዳርሳል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ዱቄት የሚበላ ቤት ሁሉ ሰምቷል።

እሑድ የቀበሌው ጠቅላላ ስብሰባ ተደረገ። ቀበሌው የተቀመጠው ከአንድ ባለጸጋ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው፤ ሰብሳቢዎቹ በረንዳው ላይ፣ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ፣ እስረኛ ደግሞ የባለጸጋው መኪና ያድርበት በነበረው ጋራዥ ውስጥ። ከስብሰባ መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም። ሊቀመንበሩ ጓድ ደቻሳ ስለ ምርት ዘመቻ አንብበው ሲጨርሱ ግማሹ ሕዝብ አንቀላፍቷል። «ልዩ ልዩ ጉዳይ ያለው?» አሉ እንደ ደንቡ። ትርሓስ ተነሳች።

«አንድ ነገር ይወሰንልን!» አለች በዚያ በተለመደው ድምጿ፤ ያንቀላፉት ሁሉ ነቁ። «ሰው ደብድቦ ለታሰረ ሰው ዋስ የሚሆን ሁሉ፣ ነገሩ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ ያን ሰው ቤቱ ያሳድረው። አብሮት ይብላ፣ አብሮት ይደር። ጥሩ ልጅ ነው ብሎ አይደል የሚያስፈታው? ይውሰደዋ! ዋሱ ቤት ይደር!»

ሳቅ ሆነ። ከኋላ አንዱ፣ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!» አለ።

«በወንድ ሲያልቅ እያየሁት አይደል!» አለች ትርሓስ ዞር ብላ። «የሙሉን ክንድ ሂድና እየው፣ እንዴት እንዳለቀ!»

ጓድ ደቻሳ ነገሩን አሰቡት። በጀት አይጠይቅም፣ የበላይ አካልን አያስቆጣም። ጢማቸውን የሚያሻሹት አቶ እሸቴም፣ «ዋስ ማለት ድሮስ ይኸው አይደል እንዴ? ደህና ብላለች» አሉ። በስብሰባ የተባለ ነገር ሁሉ ስብሰባው ላይ እንደሚቀር ያውቃሉና አልከበዳቸውም። እጅ ይውጣ ሲባል የወፍጮ ወረፋው ሴቶች እጅ እንደ ማሽላ ማሳ ቆመ። ሽማግሌዎቹም አወጡ። ተወሰነ፣ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

ክረምቱ ሳያልቅ ረታ የሰፈሩን ባለሱቅ አብዱልገኒን ግንባሩን በሚዛን ድንጋይ ፈነከተው። ጥፋቱ «ተራህን ጠብቅ» ማለቱ ነው። በሕይወት መትረፉ የአላህ ሥራ ነበር። ረታን ጋራዡ ውስጥ ዘጉት፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከወፍጮው ጀርባ ባለችው የትርሓስ ቤት በር ላይ ቆሙ።

«እሺ በይን፣ ትርሓስ» አሉ አቶ እሸቴ።

«ዝናብ ነው፣ ግቡና ተቀመጡ።»

«እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ቁሙ» አለች።

እንዲህ ያለ መልስ በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አይታወቅም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትርሓስ ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና ምስር መልቀም ጀመረች። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ የአቶ እሸቴን ባርኔጣ እየመታ በአንገታቸው ይገባል። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቢገቡ ይድኑ ነበር፤ ግን መግባት መሸነፍ ሆነባቸው።

«ሓፍተይ፣ ኧረ ነውር ነው!» አሉ አቶ ስብሓት።

«ነውሩን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። እህል ባመጣች ቁጥር ክንዷ ላይ አየዋለሁ።»

ሲብስባቸው አቶ እሸቴ እሺታውን ትተው ነገሩን አወጡት። «ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ዋሱ ቤት ይደር ብለሻል። አንቺ ደግሞ ብቻሽን ነሽ፣ ሁለት ክፍል አለሽ። እኛ ባለ ትዳር፣ ባለ ቤተሰብ ነን።»

ትርሓስ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ለእኔ ቤት ጥሩ ልጅ የሆነ ሰው ለእናንተ ቤት ምነው ከፋ?»

አቶ ስብሓት አሳላቸው። ከጎናቸው የነበሩት ሦስተኛው ሽማግሌ ጫማቸው ላይ ያለውን ጭቃ አዩ። ያን ጊዜ ነው ትርሓስን ከሁሉ በላይ የቀፈፋት። እስከዚያ ድረስ «አያውቁትም ይሆናል፣ የዋህ ሆነው ነው» ትል ነበር። ያውቁታል! ከእሷ እኩል፣ ምናልባትም አብልጠው ያውቁታል። አውቀው ነው ሰው ላይ የሚለቁት።

«ግድ የለም» አሉ አቶ እሸቴ ሲሄዱ። «ቤት ያለው ዋስ አናጣለትም።»

የማን ቤት እንደሆነ የገባት አመሻሹ ላይ፣ አንዲት ጎረቤት መጥታ «ሽማግሌዎቹ ሙሉ ጋ ገቡ» ስትላት ነው። ትርሓስ ባለችበት ክው ብላ ቀረች። ረታን የሚያሳድር ቤት ያላት ዋስ ማን ናት? ሚስቱ! ደንቡ ምንም ሳይጎድል ተፈጸመ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ መጫኛውን ገምዳ የሰጠቻቸው ግን ራሷ ትርሓስ ሆነች።

እየሮጠች ሙሉ ቤት ደረሰች። ሙሉ አልጋው ላይ ተቀምጣ በደህናው እጇ ልብስ ታጥፋለች።

«እሺ አልሻቸው?»

«እሺ አልኳቸው፣ እትዬ። ቆመው ነበር።»

«ሊገድልሽ ነው እኮ! የአብዱልገኒን ግንባር አላየሽም?»

«አይቻለሁ» አለች ሙሉ። ቀሚሷን አጥፋ ሌላ አነሳች። «ደንቡ ቃሉ እንዴት ነበር፣ እትዬ? እንደገና በይልኝ።»

«ዋሱ ቤት ይደር። ይኸው ነው። ይኸው ነው እሳት የለኮስኩብሽ!»

ሙሉ ራሷን ነቀነቀችና ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች። ትርሓስ ይህን አልቻለችውም። «በሬ ካራጁ ይውላል» ብላ በሩን ወርውራባት ወጣች። መንገድ ላይ በተናገረችው አፈረች፤ ለመመለስ ግን ንዴቷ አልፈቀደላትም። ሽማግሌዎቹን ጠላች፣ ሙሉን ጠላች፣ ከሁሉም በላይ በስብሰባ መሀል ተነስታ የጮኸችውን ራሷን ጠላች።

በማግስቱ ጠዋት የቪላው ግቢ በሰው ተሞላ። ጓድ ደቻሳ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አስወጥተው ተቀምጠዋል። አብዱልገኒ ግንባሩን በፋሻ ጠምጥሞ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ረታ ከጋራዡ ሲወጣ እየተንጠራራና እየሳቀ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ነጠላቸውን አጣፍተዋል። በመጨረሻ ሙሉ መጣች። ጀርባዋ ላይ በአንሶላ የተጠቀለለ ጓዝ አዝላለች።

«ሙሉ፣ ለባልሽ ዋስ ትሆኛለሽ?» አሉ ጓድ ደቻሳ።

«እሺ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም» አለች ሙሉ። «ግን ቤት የለኝም።»

«እንዴት ቤት የለሽም?»

«ቤቱ በሱ ስም ነው። ዛሬ ጠዋት ለቅቄ ወጣሁ። ጓዜ ይኸው» አለችና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ደንቡ ዋሱ ቤት ይደር ነው የሚለው። እኔ ራሴ ማደሪያ የለኝም፤ የት ላሳድረው?»

ትርሓስ ከሰው መሀል አንገቷን አሰገገች። በግማሽ ጆሮዋ የሰማችውን ማመን አቃታት።

አቶ እሸቴ «ልጄ፣ ይሄማ ጨዋታ ነው፣ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ…» ብለው ሲጀምሩ ጓድ ደቻሳ በእጃቸው አስቆሟቸው። በሕዝብ ፊት፣ እጅ ወጥቶበት የጸደቀ ደንብ ነው፤ ግቢው በሙሉ ያያቸዋል። «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። «ቤት ያለው ሌላ ዋስ አለ? ማን ይወስደዋል?»

ረታ ሳቁን አቆመ፤ ሳይስቅ ሲያዩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። አቶ ስብሓት ሰማዩን ያያሉ። ሦስተኛው ከሰው ኋላ ገብተዋል።

«ጋሼ እሸቴ!» አለ ረታ። «እርስዎ ይውሰዱኝ እንጂ! ሁልጊዜ እርስዎ አይደሉ?»

አቶ እሸቴ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እኔ እኮ…» አሉ። «እኔ እኮ ቤቴ ሴት ልጆች አሉኝ።»

ሙሉ ወደ እሳቸው ዞረች። ጓዙ ከብዷት ጎንበስ ብላለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ትርሓስ እንኳ ሰማቻት።

«እኔስ፣ አባባ? እኔ የማን ልጅ ነበርኩ?»

ከሰው መሀል አንዲት ሴት «ኤዲያ!» ብላ ወደ መሬት ተፋች። ከዚያ በኋላ አቶ እሸቴን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ረታን ወደ ጋራዡ መለሱት፣ በማግስቱም ለፖሊስ ተላለፈ።

ሙሉ ከትርሓስ ሁለት ክፍል አንዱን ያዘች። ቤቷ በረታ ስም እንደተቆለፈ ቀረ፤ ያን የመለሰላት ደንብ አልነበረም። ሽማግሌዎቹም ትርሓስን ሰላም ማለት አቆሙ፤ እህላቸውን በሠራተኛ ይልካሉ። እሷም ተራው ሲደርስ ትፈጫለች።

ወር ሳይሞላ፣ ረታ በማለዳ በማንም በር የማያልፍ ሲሆን፣ ምንም አላየንም ሲሉ የኖሩት ምስክሮች ማስታወስ ጀመሩ። ስለ ትኬት ቆራጩም፣ ስለ ጎረቤትየውም፣ ስለ ሙሉ ክንድም ያዩትን እያነሱ ፖሊስ ጣቢያ ይሰለፉ ጀመር። የወፍጮ ወረፋ የያዘች አንዲት ሴት ይህን በደስታ ስትነግራት ትርሓስ ደስ አላላትም።

«አሁን?» አለች፤ ድምጿ መንገድ ድረስ ተሰማ። «አሁን አዩ?»

ከዚያ ጎንበስ ብላ የሙሉን ቁና አነሳችላትና ወፍጮውን ከፈተችው።